ሕግና ኑሮ፦ ነፃዋ ግማሽ ሰዓት

በሲልቨር ስፕሪንግ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ የኖረ አንድ ኢትዮጵያዊ ካፌ የሚከፍትበት ቤት ያገኛል። አከራዩ 38 ገጽ የኪራይ ውል ይሰጠውና «ሌላ ፈላጊ ስላለ እስከ ዓርብ ፈርመህ መልስ» ይለዋል። ሰውየው የመጀመሪያውን ምክር በነፃ ከሚሰጥ አንድ የንግድ ጠበቃ ዘንድ ቀጠሮ ይዞ ሄደ። የተሰጠው ጊዜ 30 ደቂቃ ነበር። ከዚያ ውስጥ ሃያውን የፈጀው ከአገር እንዴት እንደወጣ፣ ሱዳን ስንት ዓመት እንደቆየ፣ ባለቤቱም በሙያዋ እንዴት ያለች ሴት እንደሆነች በመተረክ ነው። ጠበቃውም በትሕትና አዳመጠ። ውሉ ከቦርሳ የወጣው ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ጠበቃው ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና «ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ክፍያውም ይህን ያህል ነው» አለው። ሰውየው «ነፃ የሚሉት ለማጥመጃ ነው» እያለ ወጣ፤ ዓርብ ዕለትም ፈረመ።

ውሉ በወር 6,000 ዶላር፣ ለአምስት ዓመት ነበር። ካፌው በ14ኛው ወር ተዘጋ። ሰውየው የፈረመው ባቋቋመው ኤልኤልሲ ስም ስለሆነ ዕዳው ከኩባንያው አልፎ ወደ ቤቱ የሚመጣ አልመሰለውም ነበር። ሆኖም ከውሉ መጨረሻ ላይ የተያያዘች አንዲት ገጽ ነበረች፤ የግል ዋስትና ትባላለች። ዋስ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰውየው ሳያውቀው ለገዛ ኩባንያው ዋስ ሆኖ ፈርሟል። የቀረው 46 ወር ሲሰላ 276,000 ዶላር ነው። እንደየስቴቱ ሕግና እንደ ውሉ ቃል፣ አከራዩ ቤቱን ቶሎ ለሌላ ካከራየ ዕዳው ሊቀንስ ይችላል። ያም ሆኖ በዚህ ጉዳይ የተከሰሰው ሰውየው በራሱ ስም ነው። አሁን በድርድር የተቆረጠለትን ወርሃዊ ክፍያ ለመክፈል ተመልሶ ታክሲ ይነዳል።

ጠበቃው አላጭበረበረውም። በነፃ ምክር 38 ገጽ የሚያነብ ጠበቃ ቢገኝም ጥቂት ነው። ነገር ግን ያቺን አንዲት ገጽ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ የጠፋው ጥያቄው ነው።

በአሌክሳንድሪያ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታከፋፍል አንዲት ሴት በተመሳሳይ ጉዳይ ስትሄድ ያደረገችው ሌላ ነበር። ቀጠሮ ስትይዝ ምክሩ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ነፃነቱ እስከምን ድረስ እንደሚሄድና ጠበቃው የኪራይ ውል ይሠራ እንደሆነ በስልክ ጠየቀች። በንግድ ስም የሚጠራ ሁሉ ኪራይ አያውቅምና ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀጥሎ ውሉን ከሦስት ቀን በፊት ላከች፤ ያልገባትን ቦታ ምልክት አድርጋበታለች። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይም አከራዩ ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ የመፈረሚያው ቀን መቼ እንደሆነና ሦስት ጥያቄዎችን ጻፈች። የመጀመሪያው ጥያቄ «ንግዱ ቢከስር መኖሪያ ቤቴ ይነካል ወይ?» የሚል ነበር። ጠበቃው በቀጥታ ዋስትናዋን ገለጠና «ይህንን ጨርሶ እንዲያወጡት፣ ካልሆነም በ12 ወር ኪራይ እንዲወስኑት ወይም ሁለት ዓመት በወቅቱ ከከፈሉ በኋላ እንዲቀር ይጠይቋቸው» አላት። አከራዩ በ12 ወሩ ተስማማ። ብዙ ሰው የታተመ ውል የማይለወጥ ይመስለዋል፤ ነጋዴዎቹ ግን እርስ በርሳቸው ሲደራደሩበት ነው የሚኖሩት።

ሌላው ጉዳት የሚመጣው ነገር በመደበቅ ነው። የሐበሻ ንግድ ብዙ ጊዜ በቃል ሽርክና ይቆማል። አንዱ የእቁቡን፣ ሌላው የቁጠባውን ያዋጣና ወረቀቱ በአንድ ሰው ስም ብቻ ይሆናል። ጠበቃው «ሌላ ባለድርሻ አለ?» ሲል «የለም» ይባላል፤ ጓደኛን ላለማስነካት ወይም በሰው ፊት ጉድ ላለማውጣት። ይሁንና በአብዛኞቹ የአሜሪካ ስቴቶች ሕግ፣ ሁለት ሰዎች ኩባንያ ሳያቋቁሙ አንድን ንግድ ለትርፍ በባለቤትነት አብረው ካካሄዱ፣ ምንም ባይፈራረሙ እንኳ ሸሪኮች ናቸው። አንዱ በንግዱ ስም ያመጣውን ዕዳ ሌላው ከኪሱ እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል። ስለዚህ የተደበቀው ሸሪክ ነው ዋናው ጉዳይ። ለነፃ ምክር የተነገረ ምስጢርም ምስጢር ነው፤ ባለጉዳዩ በመጨረሻ ባይቀጥረውም ጠበቃው የሰማውን እንዲጠብቅ የሙያው ደንብ ያዘዋል። ጸሐፊዋ አስቀድማ የአከራዩንና የሸሪኩን ስም ስትጠይቅ ብዙዎች ይጠራጠራሉ። የምትጠይቀው ግን ቢሮው ለዚያው ለአከራዩ የሚሠራ እንዳይሆን ለማጣራት ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገም በጉዳዩ ጥቅም የሌለው አዋቂ ሰው ይሁን። ደላላው አይሆንም፤ ቤቱ ካልተከራየ ኮሚሽኑን አያገኝም። የ12 ዓመት ልጅም አይሆንም።

ጠበቃ በነፃ የሚገኘው በግል ቢሮ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን የዲሲ ባር የፕሮ ቦኖ ማዕከል ለአነስተኛ ነጋዴዎች የአጭር ምክር ክሊኒክ ያካሂዳል። በ1964 የተመሠረተው ስኮር ደግሞ በነፃ የሚያማክሩ የንግድ ሰዎችን ያገናኛል። ስለ ሒሳብና ስለ ገበያ ለመጠየቅ ጥሩ ነው፤ ውል ለማስነበብ ግን የጠበቃን ቦታ አይተካም።

ከመውጣት በፊት ገንዘቡን በግልጽ መጠየቅ ነውር የለውም፦ ይህን ውል አንብቦ አስተያየት ለመስጠት ብቻ፣ በሰዓት ሳይሆን ባንድ ቁርጥ ዋጋ ስንት ነው? ቅድሚያ ክፍያ ከተጠየቀ ያልተሠራበት ይመለሳል ወይ? መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ እዚያው ቁጭ ብሎ መፈረምም አያስፈልግም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና አንድ ሌሊት ማሳደር ማንንም አይጎዳም።

ቀን የማይሰጠው ጉዳይ የክስ ወረቀት ነው። ግማሽ ሰዓት ከጠበቃ ጋር የተነጋገረ ሰው «ሎየር ይዣለሁ» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። የቅጥር ስምምነት ካልተፈረመና ጠበቃው «ጉዳዩን ይዤዋለሁ» ካላለ ግን ጠበቃ አልተያዘም፤ ቀኑ ደግሞ ይቆጠራል። በዲሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በተለመደው የፍትሐ ብሔር ክስ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ መጥሪያው ከደረሰ በኋላ 21 ቀን ነው። ወረቀቱ የደረሰበትን ቀን በላዩ ላይ ጽፎ፣ ለቀጠሮ ሲደወልም ከሁሉ በፊት ያንን ቀን መናገር ይገባል።