ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ

ለኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማህበር አመራር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ
ጉዳዩ፦ የጥብቅናና የሒሳብ ሙያ ፈቃድ ደርበው የያዙ ባለሙያዎችን ስለመምራት

የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በሕግ የቆመ የራሳቸው ማህበር እንዲኖራቸው አድርጓል፤ እስከዚያ ድረስ በየግሉ ይሠራ ለነበረው ጠበቃም ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር የጥብቅና ድርጅት የሚያቋቁምበትን በር ከፍቷል። ቀደም ብሎ የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 በበኩሉ የድርጅቶች የሒሳብ መግለጫ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን ተከትሎ እንዲዘጋጅ ከማዘዙም በላይ፣ ኦዲተሮችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር ቦርድ እንዲኖር መሠረት ጥሏል። ሁለቱም ሕጎች የየራሳቸውን ግቢ አጥረዋል፤ በሁለቱ አጥሮች መካከል ስለሚመላለሰው፣ ሁለቱንም ፈቃድ በአንድ ኪስ ስለያዘው ባለሙያ ግን የሚነሣው ነገር ጥቂት ነው። ይህ ደብዳቤ የሚቀርበው ስለ እርሱ፣ ይልቁንም እርሱንና መሰሎቹን ሊመራ ስለሚገባው አካል ነው።

የዚህ ዓይነቱ ባለሙያ ጥቅም ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በታክስ ክርክር ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሲወጣ እንደደነገገው፣ የታክስ ውሳኔ የደረሰው ግብር ከፋይ ቅሬታውን ለታክስ ባለሥልጣኑ የሚያቀርበው በ21 ቀናት ውስጥ ነው፤ በቅሬታው ላይ የተሰጠው ውሳኔ ካላረካው ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ ለፌዴራል የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ባለሥልጣኑ ያልተቀበለው ወጪ ለምን ተቀናሽ ሊሆን እንደሚገባ ከመዝገቡና ከደረሰኙ አገላብጦ የሚያስረዳ የሒሳብ ሰው ያስፈልጋል፤ ያንኑ በአንቀጽ አስደግፎ አቤቱታ የሚያደርግ የሕግ ሰውም እንዲሁ። ነገረ ፈጁ አንድ ክፍል፣ ሒሳብ ሹሙ ሌላ ክፍል ተቀምጠው ወረቀት በሚለዋወጡበት ድርጅት ቀኑ የሚያልቀው በኮሪደር ነው። ሁለቱን ዕውቀት በአንድ ራስ የያዘ ባለሙያ ይህን ምልልስ ስለሚያስቀር፣ ገበያው ቢፈልገው አያስገርምም።

ነገር ግን ዕውቀት ቢደረብም ግዴታ እንደ ዕውቀት አይደረብም። የጠበቃ ሙያዊ ምስጢር ማለት ደንበኛው ያዋየውን ነገር ያለደንበኛው ፈቃድ አለማውጣት ሲሆን፣ የኦዲተር ገለልተኝነት ደግሞ ደመወዙን ከሚከፍለው ድርጅት ይልቅ መግለጫውን አምኖ ገንዘቡን ለሚያውለው ባለአክሲዮን፣ ለአበዳሪው ባንክና ለሕዝብ መታመን ነው። አንዱ እንዲሸሽግ፣ ሌላው እንዲገልጥ ይጠበቃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 በአርተር ያንግ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ይህንኑ ልዩነት ያሰመረ ነው፤ ኦዲተሩ የደንበኛውን የታክስ ግዴታ ሲገምት ያዘጋጃቸው የሥራ ወረቀቶች እንደ ጠበቃ ሰነድ ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሊሸሸጉ አይችሉም ያለው፣ ኦዲተር የሕዝብ ዘብ ነው በሚል መነሻ ነበር። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ በኮቬል ጉዳይ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት የሒሳብ ባለሙያው ለጠበቃው እንደ አስተርጓሚ ሆኖ ሲያገለግል፣ ይኸውም ደንበኛው ከጠበቃው የሕግ ምክር እንዲያገኝ ሲያግዝ፣ የጠበቃው ምስጢር እርሱንም እንደሚሸፍነው ወስኖ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ለአንድ ደንበኛ፣ ስለ አንድ ቁጥር ሲናገር ንግግሩ የተጠበቀ መሆኑና አለመሆኑ የሚለየው በየትኛው ሥልጣን እንደተናገረ ነው። ደንበኛው ይህን ከየት ያውቃል? «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው የአበው ብሂል ለዚህ ባለሙያ የተተረተ ይመስላል።

በአሜሪካ ሁለቱን ፈቃድ የያዙ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1964 የራሳቸውን ማህበር መሥርተዋል። ማህበር መኖሩ ግን ብቻውን አጥር አይሆንም፤ በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2000 አርተር አንደርሰን የተባለው የኦዲት ድርጅት ከኤንሮን ኩባንያ ለኦዲት 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሌላ አገልግሎት ደግሞ 27 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ነበር። ከኦዲቱ ይልቅ ከሌላው አገልግሎት የበለጠ የሚያገኝ ኦዲተር ገለልተኛ ነው ማለት ይከብዳል። ኤንሮን በቀጣዩ ዓመት ከከሰረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሳርባንስ-ኦክስሊ ሕግ አክሲዮኑ ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ ኦዲተር ለዚያው ኩባንያ የሕግ አገልግሎት እንዳይሰጥ ከለከለ። ክልከላው የመጣው ከጉዳቱ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ በአዲስ አበባ ይህን ቅደም ተከተል መድገም ግድ አይደለም።

ስለዚህ ማህበሩ ሊያደርገው የሚገባው፣ እንደ ብዙ ማህበራት ልማድ አዲስ ስም፣ አዲስ ማኅተምና አዲስ ሊቀመንበር መፍጠር አይደለም። ከቦርዱ ጋር መዝገብ አመሳክሮ ሁለቱን ፈቃድ የያዙትን መለየት፣ ከዚያም በማህበሩ ጥላ ሥር የሚሠራ ኮሚቴ ማቋቋም ይበቃል። የኮሚቴው ሰብሳቢነት ብዙ ደንበኛ ላለው ወይም ፈቃዱን በሁለት ሰሌዳ ለሰቀለ ሰው የሚሰጥ ሽልማት ከሆነ ግን ባይቋቋም ይሻላል፤ የራሱን ገቢ የሚቀንስ ደንብ አርቅቆ ለጠቅላላ ጉባኤ ማቅረብ የማይችል ሰው ይህን ወንበር ሊይዘው አይገባም። የመጀመሪያው ደንብም አጭር ሊሆን ይችላል፦ ባለሙያው ከደንበኛው ጋር በሚፈራረመው የአገልግሎት ውል ላይ በጠበቃነት ወይስ በሒሳብ ባለሙያነት እንደቆመ፣ ምስጢሩም እስከምን ድረስ እንደሚጠበቅ በግልጽ አማርኛ ይጻፍ፤ ሒሳቡን ኦዲት ያደረገለትን ድርጅት ወክሎም በዚያው ሒሳብ ላይ አይከራከር።

ከደንቡ ይልቅ ከባድ የሚሆነው የአቤቱታው ጉዳይ ነው። ምስጢሩ ያለፈቃዱ የወጣበት ደንበኛ ለማህበሩ ሲያመለክት «ጥፋቱ የሒሳብ ሥራ ነው»፣ ለቦርዱ ሲያመለክት ደግሞ «ጥፋቱ የጥብቅና ሥራ ነው» የሚል መልስ እንዳያገኝ፣ ማህበሩና ቦርዱ አስቀድመው የመግባቢያ ሰነድ ሊፈራረሙ ይገባል። አቤቱታውን በመጀመሪያ የተቀበለው መሥሪያ ቤት አመልካቹን ወደ ሌላው ደጃፍ ሳይልክ፣ ፋይሉን ራሱ አስተላልፎ የመዝገብ ቁጥሩን ለአመልካቹ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ አንቀጽ በዚያ ሰነድ ውስጥ እንዲካተት ይጠየቃል።