የአንጀት ብግነት መድኃኒት ሲወደድ፦ ርካሹ ክኒን የሚያስከፍለው ዋጋ

አልሰረቲቭ ኮላይተስ ወይም ክሮንስ የተባለው የአንጀት ብግነት ካለብዎ መድኃኒት የሚወስዱት ለሳምንት ሳይሆን ለዓመታት ነው። ስለዚህ የዋጋ ጭማሪ እርስዎን ለአጭር ጊዜ ከሚታከም ሰው ይበልጥ ይጎዳዎታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የእነዚህ ሕመሞች መድኃኒቶች በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ጫናው ሐዋሳ ላለ ታካሚም ይደርሳል።

ሜሳላዚን ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ወደ ፕሬድኒሶሎን መዞር ይቀናል። ርካሽ ነው፤ ተቅማጡንና ደሙንም ቶሎ ያስታግሳል። ነገር ግን የተነሳውን ሕመም ያበርዳል እንጂ እንዳያገረሽ አይከላከልም። ለወራት ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ የደም ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ የተደበቀ ቲቢም ሊቀሰቅስ ይችላል። የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ፣ አሜባ ደግሞ ከአልሰረቲቭ ኮላይተስ ጋር ስለሚመሳሰሉ ያለ ምርመራ መጀመሩ በአገራችን ይበልጥ ያሰጋል። ለሳምንታት ሲወስዱት ከቆዩ ግን በድንገት አያቁሙ፤ መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

መድኃኒትዎ ሳያልቅ ስለ አማራጮች ሐኪምዎን ያነጋግሩ፦

• ሰልፋሳላዚን፦ ለአልሰረቲቭ ኮላይተስ የቆየና ብዙ ጊዜ ረከስ ያለ አማራጭ ነው። ከፎሊክ አሲድ ጋር ይወሰዳል። የሰልፋ አለርጂ ላለበት አይሆንም። የወንድ ዘር ቁጥርን ይቀንሳል፤ ሲቆም ግን ይመለሳል።

• አዛታዮፕሪን፦ ፕሬድኒሶሎን ማቆም ላቃታቸው ይረዳል። ውጤቱ ከ2 እስከ 3 ወር ስለሚወስድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የደምና የጉበት ክትትል ግዴታ ነው።

• ኢንፍሊክሲማብ፦ ለከባድ ሕመም የሚሰጥ ውድ መርፌ ነው። አስቀድሞ የቲቢና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ያስፈልጋል።

ማዘዣዎን ይዘው በመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲ ይጠይቁ። የጤና መድን አባል ከሆኑ የትኛው መድኃኒት እንደሚሸፈን ያጣሩ። ገንዘብ ካጠረዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ መጠኑን በራስዎ ከመቀነስ ይህ ይሻላል። ለሕመም ማስታገሻ ብለው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ ሕመሙን ሊያባብሱት ይችላሉ።

በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከትኩሳት ወይም ከልብ ምት መፍጠን ጋር ካለ፣ ወይም ሆድ ከተነፋ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።