የደጉ ደበበ ተከላካይነትና የሜዳችን ጉዳይ

ጨፋ ሮቢት፦ ማሽላው ከተነሳ በኋላ በጨፋ ሜዳ ኳስ የሚጫወት ወጣት አብዛኛው አጥቂ መሆን ይመኛል። የተከላካይ ስም የሚነሳው ግብ ሲቆጠርበት ነውና። እርከንም ዕጣው ይኸው ነው፤ ጎርፍ ካልጣሰው በቀር የሚያስታውሰው የለም።

የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አምበል ደጉ ደበበ ለረጅም ዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስ የኋላ መስመር ተሰላፊ ነበር። ይበልጥ የሚታወሰው ግን ኢትዮጵያ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2005 ዓ.ም. ነው። በሰውነት ቢሻው የሚሠለጥነው ቡድን ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ከተረታ በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ከሜዳው ውጭ ባስቆጠራቸው ግቦች አለፈ። እስከ ዛሬ የሚወራው ስለ ሁለቱ ግቦች ነው። ሱዳን በዚያ ቀን አንዲት ግብ ብታገኝ ኖሮ ጉዞው በዚያው ያበቃ እንደነበር የሚያነሳ ጥቂት ነው። የዕለቱ ትልቁ ሥራ የተከላካዮቹ ነበር ማለት ይቻላል።

በደቡብ አፍሪካው ውድድር ቡድኑ ከመጀመሪያው አጋማሽ ጀምሮ በ10 ተጫዋች ተወስኖ ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ ደግሞ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ ተሰናበተ። ይሁንና ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ።

ያ ትውልድ የራሱ ሜዳ ነበረው። ከ2014 ዓ.ም. መባቻ በኋላ ግን የባሕር ዳር ስታዲየም በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በመታገዱ፣ ብሔራዊ ቡድኑ «የሜዳዬ» የሚላቸውን ጨዋታዎች በማላዊ፣ በሞዛምቢክ፣ በሞሮኮና በታንዛኒያ ሲያካሂድ ቆይቷል። ለቡድኑ መዳከም የተሰጥዖ እጥረትን በምክንያትነት የሚያቀርቡ አሉ። ከዚያ ይልቅ ሜዳ ማጣቱ ይከብዳል፤ ተከላካዮች የሚግባቡት ጸንተው በሚጫወቱበት መሬት ላይ ነው።

ችግሩ ከስታዲየም በታችም አለ። የቦርከና ውኃ ክረምት ላይ በሚተኛበት በጨፋ ረግረግ ዳርቻ ኳስ የሚጫወት ልጅ መሬቱ እስኪጠፈጥፍ ይጠብቃል። ሲደርቅ ደግሞ ከብቶች ለግጦሽ ይሰማሩበታል። ግጦሹ የኑሮ ጉዳይ ስለሆነ መጫወቻውን ከከብቱ መንጠቅ መፍትሔ አይደለም። የሚያዋጣው ከውኃው ከፍ ያለ ቦታ በከተማ ፕላን ለይቶ፣ ለቤት መሥሪያ እንዳይሰጥ አስቀድሞ መከለል ነው።