ሲሚንቶ ሙላበት አትበሉት!

ሰሞኑን ባሕር ማዶ የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ አሮጌ ትንሽ የሸራ ጀልባ በርካሽ ገዝቶ ፎቶዋን ለጠፈ። ጀልባዋ ኪል የላትም። ኪል ማለት ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ውሃው የሚወርደው ክንፍ መሳይ አካል ነው። "ምን ይሻለኛል?" ብሎ ጠየቀ። ይህን ያስጻፈኝ ከሥር የተደረደረው ኮሜንት ነው። "ሆዷን ሲሚንቶ ሙላበት!" "የጣና ታንኳ መቼ ኪል ኖሮት ያውቃል?" "ያለሱም ትንሳፈፍ የለ እንዴ፣ ምን አስጨነቀህ!" ላይኩ ደግሞ ጉድ ነው።

"ሮብ ገበያ ቁጭ ብሎ ስለ ጀልባ ምን አገባው?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ እዚህ ጮቄ ሥር ያለው ድንችና ብርድ እንጂ ጀልባ አይደለም። ሚዛን ግን ደጋና ቆላ አይለይም። ለመሆኑ ኮሜንት ከጻፋችሁት ውስጥ ስንቶቻችሁ ናችሁ የፊዚክስ ፈተና ላይ ስለ ስበት ማዕከል ጽፋችሁ ኤ ያመጣችሁት?

እስቲ ከሥራው እንነሳ። ኪል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ነፋስ ሸራውን ከጎን ሲገፋው ጀልባዋ እንደ ቅጠል ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ይቆምላታል። የጎን ነፋስ ወደፊት መሄጃ የሚሆነው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ጀልባዋ ስታዘነብል መልሶ ያቆማታል። መልሶ የሚያቆማት ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ያለበት ጥልቀትም ነው። 200 ኪሎ ከመዞሪያዋ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥና ያው 200 ኪሎ 1 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠል፣ የኋለኛው የመመለስ ጉልበት አምስት እጥፍ ነው። ይህን በዱላና በድንጋይ ማሳየት ይቻላል።

አሁን ሲሚንቶውን ተመልከቱት። አንድ ሊትር እርሳስ 11.3 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ኮንክሪት 2.4 ኪሎ ገደማ ነው። የእርሳሱን ክብደት በኮንክሪት ልተካ ያለ ሰው ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ቦታ ይፈልጋል። ያም የሚቀመጠው ታች ሳይሆን ሆዷ ውስጥ ነው። ጀልባዋ ትከብዳለች፣ ውሃው ወደ አፏ ይቀርባል፣ የጎን መንሸራተቱ ግን እንዳለ ነው። በቃ፣ ጭነት ጨመርንላት እንጂ ኪል አልተካንላትም።

"ታንኳስ?" ላላችሁት፣ ታንኳ እኮ ሸራ አትሸከምም! ከደንገል ተጠፍራ፣ በመቅዘፊያ ወይም በረጅም ዘንግ እየተገፋች የምትሄድ ናት። ነፋስ የሚይዝ ሸራ ከሌለ ነፋስን የሚመክት ኪል ለምን? የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ኪል ያልሠሩላት ስላላወቁ አይደለም፤ ስለማያስፈልጋት ነው። ደንገሉ ውሃ እየመጠጠ እንደሚከብድ ስለሚያውቁም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቋታል። ታንኳን ለስንፍናችን ምስክር አድርጎ መጥራት ነውር ነው።

የጣና ደንገል ራሱ የሚያስተምረን አለ። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ራ የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ግብፅ ውስጥ፣ ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ሠሯት። የጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ ገመድ አለ። ጌጥ መሰላቸውና ራ ላይ ቀረ። አትላንቲክ መሐል የኋላዋ እየዘቀጠ መጣ፤ ባርባዶስ ሳትደርስ ትተዋት ወጡ። በ1970 ራ ሁለት ትምህርቱን ይዛ ተነስታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ጌጥ የመሰለው ገመድ ተሸካሚ ነበር! የንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት የሄዱ መርከቦችም በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ከፊት እስከ ኋላ በተወጠረ ወፍራም ገመድ ተይዘው ይታያሉ። ገመዱ የመርከቡን ወገብ እንዳይጎብጥ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ኪልን በሌላ ነገር መተካት ይቻላል፤ ሥራውን ያወቀ ሰው ከሆነ።

"ታዲያ ምን ይመጣል?" ለምትሉ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ቺኪ ራፊኪ የምትባል የብሪታንያ ጀልባ ከአንቲጓ ወደ እንግሊዝ ስትመለስ አትላንቲክ ላይ ኪሏ ተገንጥሎ ተገለበጠች። አራቱም ሰዎቿ አልተገኙም። ያቺ ደግሞ ከፋብሪካ የወጣች፣ ኪል የነበራት ናት!

ስለዚህ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። መጀመሪያ የጎደለው የትኛው ዓይነት ኪል እንደሆነ ይለይ። ሆዷ መሐል ጠባብ ረጅም ክፍተትና ሳጥን ካለ፣ የጎደለው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ሳንቃ ሊሆን ይችላል። በብዙ ትንንሽ ጀልባዎች ይህ ሳንቃ ቀላል ነው፤ ሚዛኑን የሚጠብቁት ተሳፋሪዎቹ በሰውነታቸው ናቸው። የቡሎን ቀዳዳ በመስመር ከተደረደረ ግን የጎደለው ከባድ ኪል ነው። በእንዲህ ዓይነቶቹ ውስጥ የኪሉ ክብደት ከጠቅላላው ሲሶና ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ያኔ የሠሪውን ንድፍ ይፈልግ፣ ወይም የዚያችው ጀልባ እህት ካለች ልኩን ከእሷ ይውሰድ። ቡሎኖቹ የሚያልፉበት ሆድ በስብሶ እንደሆነ ይመርመር። ከተገጠመ በኋላም መጀመሪያ ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ የመንሳፈፊያ ልብስ ለብሶ ዘንበል እያደረገ ይፈትናት። ወጪው ከጀልባዋ ዋጋ ከበለጠ ይተዋት፤ መተው አያሳፍርም። ያለ ኪል ሸራ መስቀል ግን ክልክል ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከጀልባ ያለፈ ነው። "ዝም ብለህ የሆነ ነገር ሙላበት" ሲባል የሚሰማው ሰው ሕይወቱን አስይዞ ነው የሚሞክረው። የእኛ ገበሬ እንዲህ አያደርግም። ከሁለቱ ድግር አንዱ ቢጠፋበት ያገኘውን ፍልጥ አያስርም፤ የቀረውን ይዞ እንጨት ይመርጣል፣ ይጠርባል፣ ይለካል፣ ካልተስማማው ደግሞ ይጠርባል። ይህን የሚያውቀውን እጅ "ያልተማረ" እንላለን፤ የተማርነው ደግሞ ሳንለካ እንመክራለን። ባለ እጅን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ እያለ ሲሰድብ የኖረ አገር ዕውቀት ቢጎድለው ምን ይገርማል?

መፍጠን ጥሩ ነው፤ በሌላ ዕቃ መተካትም ብልሃት ነው። የውሃ ፓምፕ ጎማ ጠፍቶ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በልኩ ቆርጦ ውሃ ያወጣ ሰው ካገኛችሁ እጁን ሳሙለት፤ እሱ ጎማው ምን እንደሚሠራ ገብቶታል። ከእንግዲህ የጎደለ ነገር ያለው ሰው ሲጠይቃችሁ፣ "ይህን ሙላበት" ከማለታችሁ በፊት "የጠፋው ምን ይሠራ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ካላወቃችሁ ላይኩም ኮሜንቱም ይቅርባችሁ።