ከመጽሐፍ የተገነጠለ ሥዕል አንግዛ

ሆፕኪንስ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሥዕል አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ ያሳያል። አክስቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከአንድ የስጦታ ሱቅ ገዝታ ያመጣችልን ነው። እናቴ "እውነተኛ ብራና እኮ ነው" እያለች ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች።

ባለፈው ዓመት ሳሎኑን ቀለም ስንቀባ ፍሬሙ ወድቆ መስታወቱ ተሰበረ። ብራናውን ሳወጣው ጀርባው በግእዝ ጽሑፍ ተሞልቷል። ጽሑፉ ከሐሳብ መሀል ጀምሮ ሐሳብ መሀል ላይ ይቋረጣል። ወደ መብራት ሳስጠጋው ደግሞ ከፈረሱ ሆድ ሥር የተፋቁ ፊደላት ታዩኝ።

አማርኛ አነባለሁ፤ ግእዝ ግን አልችልም። ስለዚህ ግእዝ ለተማሩ አንድ አባት ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት እንዳነበቡ "ልጄ፣ ይሄ ዳዊት ነው" አሉኝ። ብራናው ሲያልቅ እሳቸው አላቆሙም፤ የቀረውን በቃላቸው ቀጠሉ። ሲጨርሱ "የአንድ ሰው የጸሎት መጽሐፍ ነበር" አሉና ዝም አሉ።

ያን ሰሞን ለአንድ የሥነ ጥበብ ታሪክ ኮርስ ስለ ፋርስ የመጽሐፍ ሥዕሎች እያጠናሁ ነበር። አንዱ ሥዕል ከአእምሮዬ አልጠፋም። ቤህዛድ የተባለው ሠዓሊ በ1488 እ.ኤ.አ. ሄራት ውስጥ የሣለው ነው። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ዮሴፍና የጲጥፋራ ሚስት። በፋርስ ግጥም ግን ሴትየዋ ዙለይኻ ትባላለች። ባለቅኔው ጃሚ ታሪኩን ረጅም የፍቅር ግጥም አድርጎታል፤ በእሱ ግጥም ዙለይኻ ሰባት ክፍል ያለው ቤተ መንግሥት አሠርታ፣ ዮሴፍን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየወሰደች በሮቹን ከኋላቸው ትቆልፋለች።

ቤህዛድ የሣለው ያንን ቤት ነው። ደረጃው ይጠማዘዛል፣ በሮቹ ተዘግተዋል፣ እላይ ጥግ ላይ ዮሴፍ ሲያመልጥ እሷ ከኋላው ልትይዘው ትዘረጋለች። የግጥም ስንኞችም እዚያው በግድግዳዎቹ መካከል ተጽፈዋል። ግጥሙን ለማያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ቤትና ሁለት ትንንሽ ሰዎች ነው። ለሚያውቅ ግን እያንዳንዱ በር አንድ ጭንቀት ነው። ሥዕሉ ያለበት የሳዲ ቡስታን ቅጂ ዛሬ ካይሮ በሚገኘው የግብፅ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ሌላው የፋርስ መጽሐፍ ይህ ዕድል አልገጠመውም። ለንጉሡ ሻህ ታህማስፕ የተዘጋጀው ሻህናማ 258 ሥዕሎች ነበሩት። አርተር ሆውተን የሚባል አሜሪካዊ ሰብሳቢ በ1959 እ.ኤ.አ. ገዛውና ቅጠል በቅጠል በታተነው። 78ቱን ሥዕሎች ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ፤ ሌሎችን እየነጠለ ሸጠ። በ1994 የቀሩት 118 ሥዕሎች በዊለም ደ ኩኒንግ አንድ ሥዕል ተለውጠው ወደ ኢራን ተመለሱ። የተበተኑት ግን እስከ ዛሬ እንደተበተኑ ናቸው።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ክሊኒካል ስንወጣ ከምንማራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ የታካሚን ካርድ ሙሉውን ማንበብ ነው። የመድኃኒቱን ገጽ ይዞ የአለርጂውን ገጽ ያላየ ነርስ ሰው ሊገድል ይችላል። የተገነጠለ ብራናም እንደዚያው ነው። ማን አስጻፈው? የየትኛው ደብር ነበር? ማን ጸለየበት? ይህን የሚነግሩን ሌሎቹ ገጾች ናቸው። እኛ ቤት ያለው ደግሞ ይብሳል፤ ጊዮርጊስና ዳዊቱ ጭራሽ አይተዋወቁም። ያረጀ መጽሐፍ ተገንጥሎ፣ ፊደሉ ተፍቆ፣ ለገበያ ሥዕል ተሥሎበታል።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ተቆጣች። "እኛ ባንገዛው ፈረንጅ ይገዛው ነበር። እኛ ቢያንስ እንሳለመዋለን" አለችኝ። እውነት አላት። በፍቅር የተገዛ ነው፤ አክስቴም አታላ አላመጣችውም። ግን ሻጩ የገዢውን ልብ አያይም፤ ሌላ መጽሐፍ የሚገነጥለው እኛም ሌላውም ስለምንገዛው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅም ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ሠዓሊውን መርዳት ከፈለግን ደግሞ በአዲስ ብራና ላይ የተሣለ አዲስ ሥዕል እንግዛ።

የመጽሐፍን ሙሉነት ማክበር ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ርቆ ኮሌጅቪል ውስጥ ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በተጀመረ ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው እዚያ ተቀምጠዋል፤ መጽሐፎቹ ግን ከባለቤቶቻቸው አልተወሰዱም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ዘመን በጥይት ተመተው መራመድ ከተሳናቸው በኋላ፣ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እነዚያን ብራናዎች አንድ በአንድ አንብበው በካታሎግ መዘገቡ። በ2021 እስካረፉ ድረስ ከብራና አልተለዩም። ስንቶቻችን እዚሁ ሚኒሶታ አድገን ስማቸውን ሳንሰማ ኮሌጅ ገባን?

ስለዚህ ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ጉዞ ከመጽሐፍ የወጣ ቅጠል ቢያቀርቡላችሁ አትግዙ። ቤታችሁ ካለ ደግሞ አትጣሉት፣ አትደብቁትም፤ ገልብጡትና ጀርባውን ፎቶ አንሡ፣ ግእዝ የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ።

የእኛን በሁለቱም በኩል መስታወት ባለው ፍሬም አስገባሁት። ግድግዳ ላይ ስለማይሆን መደርደሪያ ላይ ቆሟል። እናቴ ጊዮርጊስን ወደ እንግዳ ታዞራለች፤ እኔ ማታ ዳዊቱን አዞራለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።