ኀፍረትን ከኃጢአት ስለ መለየት

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤተሰብ ጸሎት ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምናነሣው ነገር ግን በየቤቱ ያለ፥ ዳሩ ግን በየቤቱ የማይነገር ነው፤ ይኸውም በሰው ልብ ውስጥ ሥር ሰድዶ የሚኖረው ኀፍረት ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በኮንጋ ያየነው የአንድ አባትና የአንድ ልጅ ነገር ነው። ስማቸው እንዳይነሣ፥ ታሪኩ ግን ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ እንዲጻፍ ሁለቱም ፈቅደውልናል።

ኮንጋ በጌዴኦ ዞን፥ ከይርጋ ጨፌ ከተማ በስተደቡብ የምትገኝ፥ በቡናዋ ስሟ ባሕር የተሻገረ ቀበሌ ናት። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ወደዚያ በሄድን ጊዜ የቡናው ለቀማ ደርሶ፥ ሰው ሁሉ ከእንሰቱ አጠገብና ከጥላው ዛፍ ሥር ቀይ እሸት ሲለቅም ይውል ነበር። ያረፍንበት ቤት የበኵር ልጅ ግን ከለቃሚዎቹ ጋር አልነበረም። ቀን ቀን በጓዳ ይቀመጣል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ወጥቶ ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይፈልጣል። ቀድሞ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ይመራ የነበረው ይህ ልጅ፥ ከጥቅምት ወር ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠም። ጎረቤት ሲጠይቅ እናቱ፦ «ዲላ ዘመድ ዘንድ ነው» እያሉ ይመልሱ ነበር። እኛ ምክንያቱን ብንጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ፈተናው አልሆነለትም» አሉን።

እኛም በመምህርነታችን ልናጽናናው ብለን አጠገቡ ተቀመጥን። በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 845,000 ከሚሆኑ ተማሪዎች መካከል፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ፥ ይህም ከመቶ 3.2 ያህል መሆኑን ነገርነው። በፊተኛውም ዓመት የሆነው ከዚህ የራቀ እንዳልነበረ፥ ከመቶ ተፈታኝ ወደ ዘጠና ሰባት የሚጠጉት የእርሱን ዕጣ እንደ ተካፈሉ አስረዳነው። ልጁም በትሕትና አድምጦን ሲያበቃ፦ «ጋሼ፥ እርሱንስ አውቃለሁ። ነገር ግን አባቴ ቡናውን ሸጦ ያስተማረው እኔን ነው። አንገቱን አስደፋሁት» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከዚያ በኋላ ቍጥሩን ደጋግመን ብንነግረውም አልጠቀመውም። ያልጠቀመው ስለ ምን እንደ ሆነ የተረዳነው በዚያው ምሽት ነው።

ማታ ቡና ተፈልቶ ከተቀመጥን በኋላ አባቱ ልጁን ከጓዳ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። ይህ ቤተሰብ ቀድሞ የሚኖረው በምዕራብ ጉጂ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያና በሰኔ ወር በተነሣው ግጭት፥ ከጌዴኦም ከጉጂም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል፥ እነርሱም ቡናቸውንና ቤታቸውን ጥለው ወደ ኮንጋ ዘመዶቻቸው መጡ። አባትየውም ስለዚያ ጊዜ ለልጃቸው እንዲህ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፥ እኔ ሰው የማበላ ሰው ነበርሁ። ስንዴ ለመቀበል በተሰለፍሁ ጊዜ ግን ጋቢዬን እስከ ዐይኔ ተከናንቤ ነበር። አንድ ቀን የጥንት ወዳጄ አይቶኝ በስሜ ቢጠራኝ፥ ‹ተሳስተሃል፥ እኔ አይደለሁም› አልሁት። ደግሞም ሌላ ነገር አለ። የቤተሰብ ቍጥር ሲመዘገብ ስድስት ሳለን ዘጠኝ ነን ብዬ አስጻፍሁ፤ የሦስት ሰው ስንዴ ያለ አግባብ ወሰድሁ። ከእኔ በኋላ የቆሙ አንዲት ባልቴት ስንዴው አልቆባቸው ባዶ ከረጢታቸውን አጥፈው ሲመለሱ በዐይኔ አየሁ። ይህን ሁሉ ለአራት ዓመት ለእናትህ እንኳ አልነገርኋትም። በፍልሰታ እናንተ ስትቈርቡ እኔ ሰበብ እየፈለግሁ ከውጭ የምቆመው ስለዚህ ነበር።»

በመጨረሻም ወደ ንስሓ አባታቸው ሄደው ሁሉን አንድ ላይ አፈሰሱት፤ መፈናቀሉን፥ ሰልፉን፥ ስማቸውን መካዳቸውን፥ የሐሰቱን ቍጥር። ካህኑም ታግሠው ከሰሙ በኋላ፦ «ከዚህ ሁሉ አንተ የሠራኸው የትኛው ነው? በአንተ ላይ የደረሰውስ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ስለ ሐሰቱ ቍጥር የሚጾሙትንና የሚሰግዱትን ወስነው፥ የወሰዱትን ያህል እህል ለአንድ ችግረኛ ቤት እንዲሰጡ አዘዟቸው። ስለ መፈናቀሉና ስለ ሰልፉ ግን ቀኖና አልሰጧቸውም፤ የተራበ ሰው እህል መቀበሉ ኃጢአት እንዳልሆነ ነግረው፥ አቅፈው አጽናኗቸው እንጂ።

አባትየው ይህን ተናግረው ሲያበቁ ቤቱ ለረጅም ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያም ልጁ እያለቀሰ፦ «አባባ፥ ለማጠናከሪያ ትምህርት ብለው የሰጡኝን ገንዘብ በኳስ ውርርድ አጠፋሁት። ትምህርት ቤት ነኝ እያልሁ ከተማ እውል ነበር» አለ። እነሆ፥ እኛ ስለ ፈተናው ስናጽናናው ልጁን ያሠረው ሌላ ነገር ኖሯል። የፈተናው ውጤት በሰው ፊት ስለ ታወቀ፥ ያልታወቀውን በደል ከሥሩ ሸሽጎበት ነበር። አባቱም አልተቈጡም፤ አልዘለፉትም። «ውጤቱ ውጤት ነው፤ ብዙዎች የወደቁበት ነው፥ ስለ እርሱ አንገትህን አትድፋ። ገንዘቡ ግን በደል ነው። ነገ እሸት ለቅመህ ትመልሳለህ፤ እሑድ ደግሞ አብረን ወደ አባታችን እንሄዳለን» አሉት። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ልጁ ቅርጫቱን ይዞ በጠራራ ፀሐይ ከለቃሚዎቹ መካከል ሲወርድ አየነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ኀፍረት በልብ ሲቈይ በእኛ ላይ የደረሰውንና እኛ የሠራነውን በአንድ ከረጢት ያስራቸዋል። ሰውም ሁለቱን ለይቶ ማየት ሲሳነው፥ በድህነቱ እንደ ኃጢአተኛ ያፍራል፤ በበደሉም እንደ ድህነቱ ምንም ሊያደርግ የማይችል ይመስለዋል። በዘመናችን ያሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንትም «ክፉ ሠራሁ» በሚለውና «እኔ ክፉ ነኝ» በሚለው ስሜት መካከል ልዩነት መኖሩን ይናገራሉ፤ የፊተኛው ሰውን ወደ መካስ ሲመራው፥ የኋለኛው ወደ መሸሸግ ይመራዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 4 ወደ ኃጢአት የሚወስድ ኀፍረትና ወደ ክብር የሚያደርስ ኀፍረት መኖሩን ለይቶ ያስተምረናል። በዚያች በአንዲት ሌሊት ይሁዳም ጴጥሮስም ወደቁ፤ ሁለቱም ተጸጸቱ። ነገር ግን ይሁዳ ኀፍረቱን ይዞ ብቻውን ሄደ። ጴጥሮስ ግን አልቅሶ ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ፤ ጌታም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ ጠይቆ አቆመው።

ይህ ሲባል ኀፍረት ሁሉ በአደባባይ ይዘርገፍ ማለታችን አይደለም። የኮንጋ ሰዎች ይህን ከሥራቸው ያውቁታል። የታጠበው ቡና እርጥብ እንዳለ ተከምሮ ቢሸፈን ይሻግታል፤ ስለዚህ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ በእጅ እየተገላበጠ ይደርቃል። በቀትር ግን ፀሐዩ እንዳይሰነጥቀው መልሰው ይሸፍኑታል። የልብም ነገር እንዲሁ ነው፤ ብርሃን ያስፈልገዋል፥ የሰፈሩ ወሬ ግን ቀትር ነው። ካህን የሰማውን ኑዛዜ እንዳያወጣ መታዘዙም ስለዚህ ነው። አገራችንም «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲል፥ ለመድኃኒተኛው ይነገር ማለቱ እንጂ ለገበያው ይነገር ማለቱ አይደለም።

ስለዚህ ወላጆችን በፍቅር የምናሳስባቸው ጥቂት ነገር አለን። ልጃችሁ ሲወድቅ «አንገታችንን አስደፋኸን» አትበሉት፤ የጎረቤትን ልጅም መለኪያ አታድርጉበት። «ምን ሆንህ?» እና «ምን አደረግህ?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ለየብቻ ጠይቁት። ልጁ እንዲናገር የምትፈልጉ ከሆነ፥ እናንተም ወድቃችሁ የተነሣችሁበትን ቀን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ልጆች የማይወድቅ አባት ፊት መናገር አይሆንላቸውምና። በግፍ የተጐዳ ሰው፥ ይልቁንም የተደፈረች ሴት ልጅ፥ በደረሰባት ነገር ንስሓ እንድትገባ አትጠይቋት፤ ኀፍረቱ የአድራጊው ነው፥ ለእርሷ የሚገባት መጽናናት፥ ሕክምናና ፍትሕ ነው። ከቤተሰቡ መካከል «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቢኖር እንደ ተራ ንግግር አትለፉት። ብቻውን አትተዉት፤ ካህኑንም ጥሩ፥ ወደ ሐኪም ቤትም ሳትዘገዩ ውሰዱት። ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና ጸሎቱና ሕክምናው አይጣሉም። ጎረቤቶችም ብንሆን ውጤት በወጣ ሰሞን በየደጁ «ስንት አመጣህ?» እያልን ልጆችን ወደ ጓዳ አናባርር።

የዚያ ልጅ ነገር ወዴት ደረሰ የሚል አንባቢ ይኖራል። የውርርዱን ገንዘብ በለቀማው ወራት ሠርቶ መለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ፈተናውን እንደ ገና ወሰደ፤ አሁንም የሚበቃውን ያህል አላመጣም። ነገር ግን አባቱ እንደ ነገሩን፥ ያን ቀን ውጤቱን የሰሙት ከጎረቤት አይደለም። ልጁ ራሱ በቀን፥ በሰው መካከል አልፎ፥ አባቱ ቡና ወደሚያገላብጡበት አልጋ ድረስ መጥቶ፦ «አባባ፥ አሁንም አልሆነም» አላቸው። እርሳቸውም ጎን ለጎን ቦታ ለቀቁለትና አብረው ሲያገላብጡ ዋሉ።

ልባችንን የሚያውቅ አምላክ፥ የሠራነውን የምንናዘዝበትን ድፍረት፥ የደረሰብንንም የምንሸከምበትን ጽናት ያድለን። ይቆየን።