የላንድ ክሩዘር ፒክአፕና የመለዋወጫ ዕቃ ጉዳይ

መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ ዋጋውንና የሚሸከመውን ኩንታል መጠየቁ የተለመደ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ለዚያው መኪና የሚሆን ዕቃ ከወዴት ይገኛል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ላንድ ክሩዘር የተባለው የጃፓን መኪና፣ ይልቁንም ፒክአፑ፣ የመጣበትን መንገድ ለተመለከተ ሰው ይህ ጥያቄ ከዋጋው ጥያቄ የሚያንስ አይደለም።

የቶዮታ ኩባንያ ይህን መኪና የጀመረው በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በ1951 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሞተሩ ከጭነት መኪና የተወሰደ ነበረ። በዚያው ዓመት የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ከወጣ በኋላ የአገሩ ፖሊስ 289 መኪና አዘዘ። «ጂፕ» የሚለው ስም የአሜሪካው የዊሊስ ኩባንያ የንግድ ምልክት ስለ ነበረ፣ በ1954 ላንድ ክሩዘር የሚል ስም ወጣለት።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የሆነው ነገር ለነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ቶዮታ በ1957 በካሊፎርኒያ የሽያጭ ድርጅት ሲያቋቁም ተስፋውን የጣለው ክራውን በተባለችው የቤት አውቶሞቢል ላይ ነበረ። እርሷም በዚያ አገር ረጅም አውራ ጎዳና አቅም አነሳትና በ1960 መጨረሻ ወደዚያ መላኳ ቀረ። ኮሮና የተባለችው በ1965 እስክትደርስ ድረስ የወኪሎቹን ሱቅ ሳይዘጋ ያቆየው ላንድ ክሩዘር ነው።

በ1960 የወጣው ባለ 40 ቁጥሩ ዓይነት፣ ከነፒክአፑ፣ 24 ዓመት ተሠራ። በ1984 የተተካው ባለ 70 ቁጥሩም እስከ ዛሬ ይሠራል። ወፍራም ሻንሲ፣ ድፍን አክስል፣ ከኋላ ባሌስትራ፤ በ1990 የገባው ባለ 6 ሲሊንደር 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተርም፣ መካኒክ በመፍቻ ብቻ የሚፈታው ሆኖ ለብዙ ዘመን ሳይቀየር ተሸጠ። ነዳጅ ይበላል፣ ይነዝራል፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ሐሰት አይሉም። ነገር ግን የመለዋወጫ ነጋዴ ጠላቱ መደርደሪያ ላይ የሚያረጅ ዕቃ ነው። አምራቹ በየጥቂት ዓመቱ መልኩን ሲለዋውጥ ገንዘቡ ከዕቃው ጋር ታስሮ ይቀራል። መልኩን በማይለዋውጥ መኪና ግን፣ ዘንድሮ በሶማሌ ተራ ሳይሸጥ የቀረ ፍሪሲዮን ለከርሞም ገዢ አያጣም።

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚሁ ከጥቅሙ ነው። ፈላጊው የበዛለት ዕቃ አስመሳዩም ይበዛበታል። እህል ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑ የእውነተኛው ፋብሪካ ይሁን የአስመሳዩ አያውቅም፤ የሚያውቀው የሸጠለት ባለሱቅ ነው። ስለዚህ አስመጪው ለመኪናው ውል ሲፈርም የመለዋወጫውንም ትእዛዝ በዚያው ውል ያስገባ፤ ባለሱቁም የሚሸጠው ዕቃ ኦሪጅናል ወይም ቅጂ መሆኑን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ።